ጀርባው ውስጥ የነበሩት አንባቢዎች

የቤተ መጻሕፍቱን ጠራዥ ሁሉም «ልኬ» ነው የሚለው። እናቱ ያወጣችለትን ስም ከደመወዝ መዝገቡ በቀር የሚያስታውሰው የለም። ቅጽል ስሙን ያወጣለት ሥራው ነው። ጫፉ አንዲት ፀጉር ታህል የተንጋደደ መጽሐፍ እጁ ከገባ፣ ሳያስተካክለው እህል አይቀምስም። ሻይ ሲቀርብለት እንኳ ሲኒውን ከጠረጴዛው ጠርዝ ጋር ሳያስተካክል አይጠጣም እያሉ ያሙታል። ሐሜት ግን አይደለም፣ እውነት ነው።

የሥራ ክፍሉ ምድር ቤት ናት። አንድ ረጅም ጠረጴዛ፣ አንድ መጭመቂያ፣ ክንዱ የረዘመ የብረት መቁረጫ፣ የሙጫ ድስት፣ በየመጠናቸው የተሰደሩ መርፌና ወስፌዎች አሉባት። ከጠረጴዛው ሥር ደግሞ ከመጻሕፍት ዳር የተቆረጠ ወረቀት ሁሉ የሚጠራቀምባት ሣጥን አለች። ሙያውን ያስተማሩት አባቱ «ወረቀት አይጣልም፤ ያንዱ ቁራጭ ለሌላው ጀርባ ይሆናል» ይሉ ነበር። ልኬም ከአንዱ መጽሐፍ የቆረጠውን ቅዳጅ በሌላው መጽሐፍ ጀርባ ውስጥ በሙጫ እየደራረበ ገበር ያደርገዋል። ጀርባው ይጠነክራል፤ ውስጡን የሚያይ ደግሞ የለም።

አንድ ነገር ብቻ አያደርግም፤ አያነብም። «እኔ የማውቀው ጀርባቸውን ነው። ሆዳቸውን ባለቤቶቹ ይወቁት» ይላል።

ጡረታ ሊወጣ ሁለት ወር ሲቀረው የእህቱ ልጅ መጣች። በጥንት ዘመን ሰው ምን ያነብ እንደነበር ስታጠና አራት ዓመቷ ነው። አሁን እዚሁ ቤተ መጻሕፍት ዐውደ ርእይ ልትከፍት ተፈቅዶላታል።

«ጋሼ፣ ነገሥታት ያነበቡትንማ ማን ያልጻፈው አለ?» አለችው ጠረጴዛው ላይ ዘፍ ብላ። «እኔ የምፈልገው፣ ልብስ አጣቢዋ ምን ታነብ ነበር? ጋሪ ነጂውስ? ደራሲዎቹ ራሳቸው ሰው ሳያያቸው ምን ያነቡ ነበር?»

«አጣቢ ምን ጊዜ አላት? ታጥባለች እንጂ።»

«ታነባለች! ማስረጃ አለኝ።»

ከቦርሳዋ አንድ የወየበ ካርድ አወጣች። የቤተ መጻሕፍቱ የመጀመሪያ ኃላፊ ከመቶ ዓመት በፊት የጻፉት ነው። «የመንገደኞች ጨዋታ። ከመቶ ዓመት በላይ ከእጅ ወደ እጅ የዞረ። የገጾቹ ዳር በአንባቢዎች ጽሑፍ የተሞላ ነው፤ የአጣቢዎች፣ የጋሪ ነጂዎች፣ የአንድ ደራሲም ጭምር።»

«ዐውደ ርእዩ በሙሉ የቆመው በዚህ መጽሐፍ ላይ ነው» አለች። ከዚያ ድምጿ ወረደ። «ትናንት አስወጥቼ አየሁት። ዳሩ ንጹሕ ነው። ነጭ። ምናልባት ካርዱ የሚለው ሌላ ቅጂ ይሆናል፣ እሱም ጠፍቶ ይሆናል። ካላገኘሁት የማሳየው ይሄን ካርድ ብቻ ነው።»

መጽሐፉን ከፊቱ አኖረችው። ልኬ ሳይገልጠው አወቀው። ዳሩ እንደ ሳሙና ለስልሷል፣ ማዕዘኑ እንደ ጡብ ቀጥ ብሏል። ይሄን የመሰለ ቆረጣ በዚህ ቤት ውስጥ ከአንድ ሰው በቀር የሚያውቅበት የለም።

ሠላሳ ዓመት ሆኖታል። መጽሐፉ ሲመጣ ዳሩ በቀለምና በጣት እድፍ ተጨመላልቆ ነበር። «ይሄን የመሰለ ወረቀት ማን ባለጌ ሞነጫጨረበት!» ብሎ መቁረጫውን ጫነበት። በዚያው ሳምንት ደግሞ ትልቁን የከተማውን ታሪክ ይጠርዝ ነበር፤ ሜዳልያ ያሸለመውን፣ ዛሬ መግቢያው ላይ በመስታወት ሣጥን የተቀመጠውን። ጀርባው ወፍራም ስለሆነ ብዙ ገበር በልቷል።

ዝም ቢል ማንም አያውቅበትም። ሁለት ወር ነው የቀረው፤ ሜዳልያውን አንጠልጥሎ በክብር መውጣት ነው።

«ሌላ ቅጂ ይሆናል» አለ ቀስ ብሎ።

ልጅቷ ካርዱን ቦርሳዋ ከትታ ወጣች። ልኬ እስከ ሥራ መውጫ ድረስ አንዲት መርፌ እንኳ አልሰካም።

በማግስቱ ጠዋት እሷ ሳትቀመጥ ጀመረ። «ሌላ ቅጂ የለም። ያው ነው። እኔ ነኝ የቆረጥኩት።»

«ቆረጥከው?»

«ያኔ 'አስተካከልኩት' ነበር ያልኩት።»

ልጅቷ ግድግዳውን ተደገፈች። ብትጮህበት በቀለለው። «ጋሼ… የት ጣልከው?»

«እኔ ወረቀት ጥዬ አውቃለሁ?» አለና ጣቱን ወደ ላይ፣ ወደ መግቢያው ቀሰረ።

የቤተ መጻሕፍቱ ኃላፊ ነገሩን ሲሰሙ መነጽራቸውን አወለቁ። «የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች እንዳይሆን! ሜዳልያ ያገኘ መጽሐፍ እኮ ነው። በገዛ እጅዎ ሊያፈርሱት?»

«ከኔ እጅ ሌላማ አላስነካውም።»

«ያፍርሱት እሺ። እኔ ግን አላይም» አሉ። ከዚያ ወንበር ስበው ሥራው እስኪያልቅ ድረስ አፍጥጠው አዩ።

ልኬ በሰነፍ ጠራዦች ላይ ሲተርት «ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል» ይል ነበር። ይሄኛው ግን ሳይሮጡ የታጠቁት ነው፤ አልፈታ አለ። ቆዳውን በለብ ያለ ውሃ በራሰ ጨርቅ ሸፈነው፣ ጠበቀ፣ በአጥንት ቢላዋ ቀስ እያለ ፈለቀቀው። ላብ በግንባሩ ወረደ።

«ምን ዓይነት ክፉ ሰው ነው እንዲህ አጥብቆ የጠረዘው!»

«እሱንስ ታውቀዋለህ» አለች የእህቱ ልጅ። ከትናንት ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ፈገግ አለች።

ቅዳጆቹ አንድ በአንድ ወጡ። አንዳንዶቹ ቀለማቸው ከሙጫው ጋር ሄዷል። አንዳንዶቹ ግን ዛሬ የተጻፉ ይመስላሉ። ልጅቷ እየተቀበለች አነበበች፦

«እጄ እርጥብ ነበር። ገጹን ስላጨማደድኩ ይቅርታ፤ ታሪኩ ሳጥብም አልተወኝም።»

«ጋሪዬን አቁሜ አነበብኩ። በቅሎዋ ጠበቀችኝ፣ ተሳፋሪው ግን በእግሩ ሄደ።»

በቀጭን፣ በሠለጠነ እጅ የተጻፈ አንድ ደግሞ መጣ። «ሦስት ጊዜ አነበብኩት። እንዲህ ቀላል ሆኖ እንዴት እንደተሠራ አልገባኝም።» ልጅቷ እጇን አፏ ላይ ጫነች፤ ካርዱ ላይ የተጠቀሰው ደራሲ የእጅ ጽሑፍ ነው። ከሥሩ በወፋፍራም ፊደል ሌላ ሰው መልሶለታል፦ «አንብብና ተኛ፣ ምን አደረቀህ!»

ኃላፊው እስኪያስላቸው ሳቁ።

ሥራው አሥር ቀን ፈጀ። ቅዳጅ ሲቆረጥ ለሌላ ሰው ዓይን የማይታይ የፊደል ጫፍ ገጹ ላይ ይቀራል፤ ልኬ ስፋቱን በዓይኑ እየለካ እያንዳንዱን ከገጹ ጋር አገናኘ። ያ ልክ ወዳድ ዓይኑ ያበላሸውን ያው ዓይኑ ፈለገው። ሁሉንም ግን አላዳነም። አንዲት ቅዳጅ ዙሪያዋ ሟምቶ የምትጋጠምበትን ገጽ አጣላት። ላይዋ ላይ የቀረው ይሄ ብቻ ነበር፦ «ልጄ ከሞተ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ የሳቅኩት እዚህ ነው።»

«'እዚህ' የቱ ጋ ነው?» አለ ልኬ።

«አይታወቅም፣ ጋሼ። ብቻዋን እናሳያታለን።»

ልኬ ግን ቅዳጇን በሁለት መስታወት መሐል አድርጎ ኪሱ ከተታት። በማግስቱ ምሳ ሰዓት ላይ፣ ሲኒው ከጠረጴዛው ጠርዝ ተንጋዶ ሻዩ ቀዝቅዞ፣ መጽሐፉን ከመጀመሪያው ገጽ ይዞ ሲያነብ አገኘችው። ማንበብ አልለመደም፤ ጣቱን ከመስመሩ ሥር እየጎተተ ነው የሚሄደው። በየቀኑ ጥቂት ገጽ። አንዳንዱ ታሪክ ለዛ የለውም፣ አንዳንዱ ያስተክዛል። አንድም ግን አላሳቀውም።

ዐውደ ርእዩ ሊከፈት ሦስት ቀን ሲቀረው፣ ከጎረቤቱ ጭቅጭቅ ሊገላገል አገር አቋርጦ የሄደ ሰው ታሪክ ላይ ደረሰ። ሰውዬው ደክሞት ከአንድ ማረፊያ ቤት ይገባል፤ አንድ አልጋ ብቻ ቀርቷል፣ እሱንም ከሌላ መንገደኛ ጋር ነው የሚጋራው። ብርድ ልብሱን ገለጥ ቢያደርግ ጎረቤቱ ተኝቷል። ጎረቤቱም ዓይኑን ገልጦ «አምላኬ! እዚህም ተከተለኝ?» ይላል።

ልኬ ሳቀ። መጀመሪያ በአፍንጫው፣ ከዚያ ትከሻው እየተናጠ። ልጅቷ ምን ሆነ ብላ ደረጃውን እየሮጠች ስትወርድ፣ ቅዳጇን ከኪሱ አውጥቶ ገጹ ዳር አስደግፏት፣ ዓይኑን በእጅጌው እየጠረገ ነበር።

«ልኩ እዚህ ይሁን አይሁን አላውቅም» አለ።

«ታዲያ?»

«ታዲያማ እዚህ ትሁን። እናትየዋ ከዚህ ሌላ ቦታ የሳቀች አይመስለኝም።»

ሙጫውን አነሳ። ቅዳጇ ትንሽ ተንጋዳ ተጣበቀች፤ አላቃናትም።