የግራ እጅ ማሰሪያ

ወንድሜ ሱቄ ሲገባ ሰላምታ አያውቅም። «እትዬ፣ ይሄ ማሰሪያ ደግሞ ሰፋ!» ይላል፤ ሳጥኑን ጠረጴዛዬ ላይ ዱብ ያደርገዋል። ቀበቶና ቦርሳ የምሰፋበት ጠረጴዛ ነው። በዚህ ዓመት ግን ከደንበኞቼ ዕቃ ይልቅ የሱ ሳጥን ነው የከረመበት።

ሳጥኑ ውስጥ ያለችው ኮንሰርቲና ናት። ለማያውቃት፣ የአኮርዲዮን ታናሽ እህት በሏት፤ ባለ ስድስት ጎን፣ መሐሏ ወናፍ፣ ሁለት መዳፍ መሐል የምትያዝ። በሁለቱ ጫፎቿ አንዳንድ የቆዳ ማሰሪያ አላት። እጅ በማሰሪያው ሥር ይገባል፣ አውራ ጣት ውጭ ይቀራል፣ አራቱ ጣቶች ቁልፎቹን ይጫናሉ። ማሰሪያው ከላላ እጅ ይዋልላል፤ ከጠበቀ ጣት ይታሰራል። ስለዚህ የሚመች ማሰሪያ መምረጥ ቀላል ነገር እንዳይመስላችሁ። ወንድሜ በቴአትር ቤቱ የሙዚቃ ቡድን ውስጥ አሥራ ስምንት ዓመት ተጫውቷል። ሰፈርተኛው «ወናፉ» ይለዋል። እሱ ደግሞ እኔን «መርፌ» ይለኛል፣ በነገር ስለምወጋ።

ከዛሬ ዓመት ከመንፈቅ በፊት አሮጌዎቹ ሲበጠሱ ከለስላሳ የፍየል ቆዳ አዲስ ሠራሁለት። በአራተኛው ወር የግራው ላላ። ቆዳ ሻጩ ዘንድ ሄጄ አፌ ያመጣልኝን ሁሉ አወረድኩበት። «እንደ ማስቲካ የሚለጠጥ ቆዳ ነው የሸጥክልኝ!» አልኩት፣ ሰው እየሰማ። ሰውዬው ሃያ ዓመት ያውቀኛል፤ እስክጨርስ ሰማኝና ሌላ ቁራጭ በነጻ ሰጠኝ። ሁለተኛውን ከወፍራም የላም ቆዳ ሠራሁት። እሱም ላላ። ቀዳዳ ጨመርኩ። ሌላ ቀዳዳ ጨመርኩ። ሠላሳ ዓመት በዚህ ሙያ ኖሬ ቆዳ ሲያሸንፈኝ ቆሽቴ ያራል።

ባለፈው ሰኞ ሲመጣ ፊቱ ልክ አልነበረም።

«ሐሙስ አንድ በአንድ እያስጫወቱ ይሰሙናል» አለ። «የቡድኑ መሪ ግራ እጅህ ወደ ኋላ ይቀራል አለኝ። ሐሙስ ካልተስተካከለ ወንበሬ ለሌላ ሰው ነው።»

«ኮንሰርቲና የሚጫወት ሌላ ሰው ከየት ሊያመጡ?»

«ቫዮሊን ያስቀምጡበታላ!»

«ስለ ማሰሪያው አልነገርከውም?»

«ነገርኩት እንጂ! እህቴ ሌላ እየሠራችልኝ ነው አልኩት።»

ያለኝን ቆዳ ሁሉ ዘረገፍኩለት። በግ፣ ፍየል፣ ጥጃ። እያንዳንዱን ዓይኑን ጨፍኖ በእጁ ጀርባ ላይ ያሻሸዋል። «ይሄ ይኮሰኩሳል። ይሄ ያልባል። ይሄ ደግሞ አንቺን ነው፣ ቢሞት አይታጠፍም።» በመጨረሻ ጥጃውን መረጠ። ጠርዙ እንዳይቆርጠው አጥፌ እንድሰፋው፣ ከሥሩ ስስ ገበር እንዳደርግበት ተስማማን። ምን ልበላችሁ፣ ደስ አለን። ሁለት ትልልቅ ሰዎች በአንድ ቁራጭ ቆዳ ደስ አለን።

የላላውን የላም ቆዳ ማሰሪያ ፈታሁና ምን ያህል እንደተለጠጠ ለማየት መጀመሪያ በቆረጥኩበት የልክ ካርቶን ላይ አጋደምኩት። ልክ ነው። በመዳፌ ጠፍጥፌ እንደገና ለካሁት። ቅንጣት አልተለጠጠም። የፍየሉን ከመሳቢያ አውጥቼ ለካሁ፤ እሱም ልክ ነው። ያኔ ነው የቀኙ ትዝ ያለኝ። ቀኙንና ግራውን ከአንድ ቆዳ፣ በአንድ ቀን ነው የቆረጥኳቸው። የቀኙ ግን አንድም ቀን ላላ ተብሎ አያውቅም።

«እጅህን አምጣ» አልኩት።

«የትኛውን?»

«የትኛውን እንደሆነ ታውቀዋለህ።»

በአውራ ጣቱና በሌባ ጣቱ መሐል የነበረው ሥጋ የለም፤ ጎድጉዷል። በእጁ ጀርባ፣ በአጥንቶቹ መሐል ያለው ሁሉ ሰርጉዷል። ቀኙ የአርባ አምስት ዓመት ጎልማሳ እጅ ነው፤ ግራው የሽማግሌ። ዓመት ሙሉ ቆዳ ስለካ ከርሜ የወንድሜን እጅ አንድ ቀን አልለካሁም። ሌላ ሰው ቢሆን፣ ዳቦ ጋጋሪም ቢሆን፣ «እጅህን ምን ነካው?» ብሎ ይጠይቀው ነበር። እኔ ቆዳ ስለማውቅ ቆዳን ከሰስኩ። ያን ምስኪን ቆዳ ሻጭ እስካሁን ይቅርታ አልጠየቅሁትም።

«ይደነዝዝሃል?»

«ትንሿ ጣቴን ብቻ… ብርድ ነው እኮ፣ እትዬ።»

በማግሥቱ እየጎተትኩ ሐኪም ቤት ወሰድኩት። ሐኪሟ ክርኑን መታ መታ አደረገች። ከዚያ በጣቶቹ መሐል ወረቀት አስይዛ «አጥብቀህ ያዝ» አለችና ሳበችው። ወረቀቱ ምንም ሳይታገል ወጣ። ክርኑ ላይ ነርቩ ተጨፍልቋል አለች።

«ከጀመረው ምን ያህል ይሆነዋል?»

«ዓመት ከሁለት ወር» አልኩ እኔ፣ በማሰሪያዎቹ ቆጥሬ።

ወረቀቱን አስቀመጠች። ከዚያ ቀስ ብላ ነገረችን። በመጀመሪያዎቹ ወራት ቢመጣ በትንሽ ቀዶ ጥገና የመዳን ተስፋ ነበረው። አሁን የመነመነው ጡንቻ አይመለስም፤ ቀዶ ጥገናው የቀረውን ቢያተርፍ ነው። ወንድሜ «እሺ» ብሎ የሸሚዙን እጅጌ ወደ ታች መለሰ። ኮሪደሩ ላይ ወጥቼ ያለቀስኩት እኔ ነኝ።

«ያም ሆኖ ማሰሪያውን ጨርሺልኝ» አለኝ መንገድ ላይ። «ሐሙስ እኮ ከነገ ወዲያ ነው።»

ረቡዕ ከሰዓት በኋላ ጨረስኩት። በዕድሜዬ እንደዚያ ያለ ሥራ ሠርቼ አላውቅም። በዚህ ጊዜ እጁን ለካሁ፣ ሁለቱንም፣ ለየብቻ። ሱቄ ውስጥ ወንበር ሰጥቼው ዘለበቶቹን ራሴ ቆለፍኩለት።

«እንዲህ ተመችቶኝ አያውቅም» አለ። እውነቱን ነበር።

ከዚያ ተጫወተ። ቀኙ እንደ ድሮው ይሮጣል። ተራው የግራው ሲሆን ዜማው ይጎድላል፤ ትንሿ ጣት ቁልፉ ላይ ታርፋለች እንጂ አትጫነውም። እንደገና ጀመረ። እዚያው ቦታ ላይ አየር ብቻ ወጣ። ለሦስተኛ ጊዜ ጀምሮ ተወው።

«እትዬ» አለ፣ ሳያየኝ፣ «ትንሽ ቢጠብቅስ?»

የምመልስለትን ያውቃል። ቢሆንም ጠየቀኝ። ለአንዲት ቀን እንኳ ልዋሸው ፈለግሁ።

«ማሰሪያው ልክ ነው» አልኩት።

«ልክ ነው» አለ እሱም።

ግራ እጁን ሳብ ሲያደርገው፣ የሚይዘው ሥጋ ስለሌለ፣ ሾልኮ ወጣ። ቀኙ ሙሉ ስለሆነ ዘለበቱ ካልተፈታ አይወጣም። የግራ ጣቶቹን ወደ ዘለበቱ ሰደዳቸው። ብረቱ ላይ ተንሸራተቱ፤ አንዴ፣ ሁለቴ። ከዚያ ቀኝ እጁን ከነኮንሰርቲናዋ ዘረጋልኝ። ፈታሁለት።