የማይሰበረው ችንካር

ከቶርኖው፣ ከብረት መላጫው ማሽን፣ ፊት የቆመው አባት ጥያቄውን ሲሰማ ዓይኑን ከልጁ ላይ አነሳ። «እጀታውን ሳልመልሰው ብዘናጋና ጋሪው ዝም ብሎ ቢሄድስ፣ ምን ያቆመዋል?» ነበር ያለችው ልጁ።

እስከዚያች ደቂቃ ትምህርቱ መልካም ሄዶ ነበር። ልጁ የሃያ ስድስት ዓመት ሴት ናት፤ የቢሮ ሥራዋን ትታ የአባቷን ሙያ ልትማር ከመጣች ሦስተኛ ወሯን ይዛለች። ስለቱን በእጅ እየገፉ ብረት መላጥን ለምዳለች። የዛሬው ትምህርት ማሽኑ ራሱ ስለቱን እንዲገፋ ማድረግ ነበርና፣ አባት ክዳኑን ከፍቶ አንድ በአንድ አሳያት። ብረቱን ነክሶ የሚሽከረከረው መንጋጋ በግራ በኩል ያሉትን ማርሾች ያዞራል። ማርሾቹ በማሽኑ ቁመት የተዘረጋውን ረጅም ዘንግ ያዞራሉ፤ ዘንጉም ስለቱን በተሸከመው ጋሪ ሆድ ውስጥ ያልፋል። እጀታው ሲጫን ጋሪው ከዘንጉ ጋር ይያያዝና ወደ መንጋጋው በዝግታ ይጓዛል።

«ማሽኑ ይሠራል፣ እኔ ቆሜ አያለሁ» አለች። «ቢሮም እንዲሁ ነበር።»

አባት ሳቀ። ጥያቄው የመጣው ከዚያ በኋላ ነው።

ማርሾቹና ዘንጉ የሚገናኙት በአንዲት ቀጭን ችንካር ነው። ከነሐስ የተሠራችው ሆን ተብሎ ነው፤ ጋሪው የማይገፋው ነገር ሲገጥመው እርሷ ተሰብራ ዘንጉ እንዲቆም፣ ማርሹም ሰውም እንዲተርፍ። ከአሥራ አንድ ዓመት በፊት ግን፣ በየሳምንቱ እየተሰበረች ሥራ ብታስፈታው፣ አባት ከአሮጌ የመሰርሰሪያ ፑንታ የማይሰበር ችንካር ቆርጦ በቦታዋ ሰካ። በወሩ የግራ እጁ ሁለት ጣቶች በጋሪውና ጋሪው እንዳያልፍ በማሽኑ አልጋ ላይ በሚታሰረው ማገጃ ብረት መካከል ቀሩ። ለሚስቱ መብራት ጠፍቶ ድንገት ስለ መጣ ነው አላት። ደንበኞቹ ሚሊሜትር እንኳ አይስትም ሲሉ «ሚሊ» ብለው የሚጠሩት ጥንቁቅ ሰው፣ ጣቶቹን ያጣው በገዛ ስንፍናው መሆኑን በምን አፉ ይናገር?

«በራሱ ይቆማል» አላት። «ውስጡ የምትሰበር ችንካር አለች።»

ሳታውቅ እለውጠዋለሁ ብሎ ራሱን እያባበለ ነሐስ ፍለጋ ወደ ጓዳው ገባ። መደርደሪያውን ሲበረብር የማሽኑን ድምፅ ሰማ። ወጥቶ ሲያይ ክው አለ። ልጁ ማገጃውን በማሽኑ አልጋ ላይ አስራ እጀታውን ጭናለች፤ ግራ እጇን ከማገጃው ጀርባ አሳርፋ፣ ጎንበስ ብላ ጋሪው ሲቀርብ ትመለከታለች።

ቢጠራትም የማሽኑ ጩኸት ድምፁን ዋጠው። ማብሪያ ማጥፊያው ስምንት እርምጃ ይርቃል፤ በጋሪውና በማገጃው መካከል የቀረው አንድ ጣት አይሞላም። እየተደናቀፈ ደርሶ ቀዩን ቁልፍ በመዳፉ መታው። ጋሪው ማገጃውን ነክቶ ነበር፤ ማገጃው ሲጢጥ እያለ ወደ እጇ ተንሸራተተና ሁሉም ጸጥ አለ።

«ምነው አባዬ» አለች ሳቅ እያለች፣ «ስትሰበር ላያት ነበርኮ።»

«አትሰበርም። የጠነከረ ብረት ነው። የሰካሁት እኔ ነኝ።»

መጀመሪያ የራሷን እጅ፣ ቀጥሎ የእርሱን አየች። እጇን ከአልጋው ላይ ቀስ ብላ አነሳችና ኪሷ ከተተችው። እርሱም የጣቶቹን ነገር ሳያስቀር ነገራት።

«እማዬን መብራት ነው አልካት» አለች። «እኔን ደግሞ በራሱ ይቆማል አልከኝ።»

ብረቱን መትቶ እንዲያወጣው አደረገችው። አዲሲቱን የነሐስ ችንካር ራሷ ስለቱን በእጇ እየገፋች ልጣ ሰካቻት። ማገጃውንም እንደገና አጥብቃ አሰረችና፣ እጀታውን እርሱ እንዲጭነው ነገረችው። በባለ ሦስት ጣት እጁ ጫነው፤ ሁለቱም ወደ ኋላ ሸሹ። ጋሪው ሄደ፣ ሄደ፣ ማገጃውን ነካ። ችንካሯ ቀጭ ብላ ተሰበረች። ዘንጉ ቆመ፤ መንጋጋው ብቻውን በከንቱ ዞረ።

«እኔ መለዋወጫ እሠራለሁ» አለች፣ ማሽኑን እያጠፋች። «አንተ ሂድና ለእማዬ ንገራት።»

እጁን ጠርጎ ወጣ። ቤቱ ደርሶ አንኳኳ። ሚስቱ በሩን ከፍታ፣ በሥራ ሰዓት ምን እግር ጣለህ አለችው።

«ስለ ጣቶቼ ነው» አለ፣ ከደጃፉ ሳያልፍ።