የማርታ ጋሪ

በኮሎራዶ ምድር የአሜሪካንን ቴሌቪዥን ለመጀመሪያ ጊዜ ወደ አማርኛ የመለስኩት እኔ ነኝ። ከእኔ በፊት የሞከረ ካለ ይምጣና ይናገር፤ ሠላሳ ዓመት ጠብቄ ማንም አልመጣም።

ቦታው አውሮራ ነው፤ ኮልፋክስ መንገድ ዳር ያለ ያረጀ አፓርታማ። ከሱዳን ካምፕ የመጣን ሰዎች ታችም ላይም ሞልተነው ነበር። ቴሌቪዥኑን ሰው ከጣለው ቦታ አንሥቼ ፎቅ ላይ ያወጣሁት ብቻዬን ነኝ። አብሮን ይኖር የነበረው አስቻለው "በአንድ ጎን እኔም ይዤ ነበር" ይላል። ይዞ ሊሆን ይችላል፤ ክብደቱ ግን እኔ ጋ ነበር።

አስተርጓሚነቱን ለምኜ አላገኘሁትም። ከሌሎቹ አራት ወር ቀድሜ አሜሪካ ገብቻለሁ፤ በዚያ ላይ ዘጠነኛ ክፍል ሳለሁ እንግሊዝኛዬን ሰምቶ መምህራችን ራሱ አነጋገሩን አስተካክሏል። ስለዚህ ከሰዓት በኋላ፣ ሰዉ ለማታ ፈረቃ ከመውጣቱ በፊት፣ ሁሉም ምንጣፉ ላይ ይደረደራል፤ እኔ ወንበሩ ላይ እቀመጣለሁ። ቤት ውስጥ የነበረው ወንበር አንድ ነው፤ "የአስተርጓሚው ወንበር" ይባል ነበር።

የሚታዩት ፊልሞች ያኔም ያረጁ ነበሩ። አንዱ ላይ ጠበቃው ማስታወቂያ ለሁለት ጊዜ እስኪያቋርጠው ድረስ ይደናገርና በመጨረሻ ነፍሰ ገዳዩን ፍርድ ቤት ውስጥ ያስለቅሰዋል። ሌላው ላይ አንድ ቤተሰብ ሶፋ ላይ ተቀምጦ ትንፍሽ ባለ ቁጥር የማይታዩ ሰዎች ይስቃሉ።

"የሚስቁት የት ሆነው ነው?" አለ አስቻለው።

"ጎረቤቶች ናቸው። ግድግዳው ስስ ነው።"

የእኛም ግድግዳ ስስ ስለነበር አመነ። ከዚያ ወዲያ እሱም ቀልድ ሲያወራ ወደ ግድግዳው ዞሮ ሆነ።

ከሁሉም የሚወደደው ግን እኛ "የማርታ" የምንለው ነበር። የእንግሊዝኛ ስሙን ማንም አልያዘውም። የድሮ ዘመን ተከታታይ የካውቦይ ፊልም ነው፤ ሸለቆ፣ ፈረስ፣ አቧራ፣ ባሏ የሞተባት ማርታ የምትባል ሴት፣ ፀሐይ ልትጠልቅ ስትል ደግሞ ባርኔጣውን በእጁ ይዞ ደጇ ላይ የሚቆም ሐኪም።

እዚህ ላይ ስለ ትርጉም አንድ ነገር ላስረዳ። የተባለውን ሁሉ ሰምቶ መድገም በቀቀንም ይችላል። እኔ "ፈረስ"፣ "ሐኪም" እና "ነገ" የሚሉትን ከሰማሁ የቀረውን እሞላዋለሁ። ሙያ ማለት እሱ ነው።

እትዬ አጸደ ዋናዋ ተመልካች ነበሩ። ባላቸው ካምፕ ውስጥ ሞተውባቸው ትንሿን ልጃቸውን ፅዮንን ይዘው መምጣታቸው ነበር። ከቤት አይወጡም፣ አያወሩም፤ ጥቁር ሻሻቸውን አስረው ጥግ ይዘው ይቀመጣሉ። ዐቢይ ጾም በገባ ሰሞን ሐኪሙ ደጅ ቆሞ ማርታን በዓይኑ ሲበላት፣ እትዬ አጸደ ለመጀመሪያ ጊዜ ተናገሩ።

"ይህ ሰውዬ ምኗ ነው?"

ጾም ነው። ሕፃን ልጅ አጠገባቸው ተቀምጣለች። "ወንድሟ ነው" አልኩ።

"የእናት ልጅ?"

"የእናትም የአባትም።"

ሁለተኛው ነገር የጋሪው ነው። በየክፍሉ መጀመሪያ አንድ ጋሪ በሩቁ አቧራ እያስነሣ ሸለቆውን ያቋርጣል፤ ነጂው አይታይም። "ማን ነው የሚነዳው?" አሉኝ። ሰውን በባዶ መመለስ አልወድም። "ማርታ ናት። ከከተማ ከተማ ፖስታ የምታደርሰው እሷ ናት" አልኳቸው። ከዚያ በኋላ ማርታ ወጥ ቤት ውስጥ ብቅ ባለች ቁጥር "አሁን ከመንገድ መግባቷ ነው" እላለሁ።

"እጇ ላይ ያለው ሊጥ ነው እንዴ?"

"የመንገድ አቧራ ነው።"

አንድ ቀን እትዬ አጸደ ሻሻቸውን እያስተካከሉ "ይቺ ሴት አራት ፈረስ ከነዳች እኔ አንድ መኪና ያቅተኛል?" አሉ። በሳምንቱ ቤተ ክርስቲያኑ ፓርኪንግ ውስጥ መንዳት አስተማርኳቸው። እዚያ አንድ የመብራት ምሰሶ ነበር፤ አሁን የለም። ከዚያ ታክሲ መንዳት ያዙ፤ ኤርፖርት ተራ ላይ ወንዶቹ ቦታ እስኪለቁላቸው ድረስ ነዱ፤ በነዱት ሞንትቤሎ ላይ ቤት ገዙ፤ ፅዮንን አስተምረው ነርስ አደረጉ። ይህን ሁሉ ያመጣው የማርታ ጋሪ ነው። ጋሪውን ለማርታ የሰጣት ማን እንደሆነ ደግሞ ነግሬያችኋለሁ።

የመጨረሻውን ክፍል ግን ሳናየው ቀረን። ሊታይ አንድ ቀን ሲቀረው ቴሌቪዥኑ ጭስ አውጥቶ አረፈ።

ዘንድሮ እትዬ አጸደ ዓይናቸው ፈዘዘ፤ ከፈዘዘም ጠፋ። ሐኪም መንዳት ከለከላቸው፤ የመኪናቸውን ቁልፍ ለፅዮን አስረከቡ። ባለፈው ወር የፅዮን ልጅ ሮሆቦት ደወለችልኝና ሃቫና መንገድ ላይ ተገናኘን። እኔ የትራንስፖርት ድርጅት አለኝ፤ ለጊዜው በአንድ ሚኒቫን ነው የሚሠራው። ልጅቷ ገብታ ጎኔ ተቀመጠች። እዚህ የተወለደች ስለሆነች "እርስዎ" የሚባለውን ገና አላገኘችውም፤ በ"ጋሼ" ታካክሰዋለች።

"ጋሼ፣ የማርታን ሾው ኦንላይን አገኘሁት። ሁሉንም አየሁት።"

"ጎበዝ።"

"ማርታ ጋሪ አትነዳም።"

የሬዲዮውን ድምፅ ቀነስኩ።

"አንድ ቀን እንኳን አትነዳም። ፓይ ነው የምትጋግረው። ሁልጊዜ ፓይ። ጋሪውን የሚነዳው ጺም ያለው ሽማግሌ ነው።"

"የቆየ ነገር ነው፤ ተቆራርጦ ይሆናል የደረሰሽ።"

"ሐኪሙም ወንድሟ አይደለም። መጨረሻ ላይ ይጋባሉ። ጋሼ፣ ይጋባሉ።"

ሰባት ቤት ሳይቆጥር በማይጋባ ሕዝብ ፊት እህትና ወንድም ልድር ነው ማለት ነው። ሌላ ሰው ቢሆን መኪናውን አስነሥቶ እስከ ካንሳስ ይሄድ ነበር። እኔ ቁጭ አልኩ።

"አያቴ ቁልፉን ከሰጠች ወዲህ ስለ ምንም አታወራም" አለች ሮሆቦት። "ስለ ማርታ ብቻ። 'መጨረሻዋ ምን ሆነ?' ትለኛለች። እሑድ እናያለን ብዬ ቃል ገባሁ። የድሮዎቹ ሁሉ ይመጣሉ። አስተርጓሚው ጋሼ እንዳልክ ነው ብላለች።"

"ታዲያ ምን አስጨነቀሽ?"

"ማርታን እንዳትወስድባት። ሌላ ምንም የላትም።"

"ልጄ፣ ከማን ጋር እንደምታወሪ ታውቂያለሽ?"

"አውቃለሁ። የፈራሁትም ለሱ ነው።"

ዘዴዬ ቀላል ነበር፤ የቴሌቪዥኑን ድምፅ ዝቅ፣ የእኔን ከፍ። እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ሞንትቤሎ ስደርስ ግማሽ ኮሎራዶ ሳሎኑ ውስጥ ተቀምጧል። አስቻለው "ዘጠኝ ነበርን" ይላል፤ እሱ የሚቆጥረው ሶፋ ያገኘውን ብቻ ነው። እሱ ራሱ ከኮሜርስ ሲቲው መጋዘን ጡረታ ወጥቷል፤ የካውቦይ ባርኔጣው ግን አልወጣም። ያን ባርኔጣ ማድረግ የጀመረው በማርታ ዘመን ነው፤ አንዴ ለጥምቀትም አድርጎት መጥቶ ቄሱ አስወልቀውታል። እትዬ አጸደ መሐል ሶፋ ላይ ነጠላቸውን አጣፍተው፣ ፊታቸውን ወደ ድምፁ አዙረው ተቀምጠዋል። ከቴሌቪዥኑ ጎን አንድ ወንበር ለብቻው ተቀምጧል። ማንም አልተቀመጠበትም።

"ድምፁን ትንሽ ቀንሺው" አልኳት ሮሆቦትን።

"ጨምሪው" አሉ እትዬ አጸደ። "ጆሮዬ ነው የቀረኝ።"

ጨመረችው።

ጋሪው ሸለቆውን አቋረጠ። "ማርታ እየመጣች ነው" አልኩ። እትዬ አጸደ ራሳቸውን ነቀነቁ። እስከ ማስታወቂያው ድረስ ሰማይ ላይ ነበርኩ፤ ጎርፍ አመጣሁ፣ ሽፍታ አመጣሁ፣ ማርታን በሁለቱም መሐል በጋሪ አሳለፍኳት። ሮሆቦት ጥፍሯን መብላት ትታ ነበር። ከዚያ ኦርጋኑ ጀመረ።

"ይህ የሰርግ ሙዚቃ አይደለም?" አሉ እትዬ አጸደ።

"ነው፤ የሐኪሙ ሰርግ ነው። ማርታ ወንድሟን ልትድር ነው።"

"ማንን ነው የሚያገባው?"

"አስተማሪዋን።"

"የትኛዋን አስተማሪ?" አለ አስቻለው።

"ያኔ አንተ ወደ ሥራ ከወጣህ በኋላ ነው የገባችው።"

ስክሪኑ ላይ ማርታ ነጭ ለብሳ ቆማለች። ቄሱ መጽሐፉን ገልጦ፣ ጥርት ባለ እንግሊዝኛ፣ በስሟ ጠርቶ ጠየቃት።

"ማርታ ነው ያለው" አለ አስቻለው።

"ሞክሼ ናቸው።"

ሶፋው ላይ አንድ ሰው ሳቁን በሳል ሸፈነው። እኔ ወሬዬን ልቀጥል ስል ስሜ ተጠራ።

"እንዳልክ።"

"አቤት እትዬ።"

"ታክሲ ስነዳ ከኋላዬ የሚቀመጡት በምን ቋንቋ የሚያወሩ ይመስልህ ነበር?"

ሮሆቦት ፊልሙን ቀጥ አደረገችው። በእኔ ሐሳብ እትዬ አጸደ ያን ሁሉ ዘመን ምንጣፉ ላይ ተቀምጠው የእኔን አፍ ይጠብቁ ነበር።

"ሲፋቱ ሰምቻለሁ፣ ሲታረቁ ሰምቻለሁ" አሉ። "አንዱማ 'አግቢኝ' እያለ በስልክ ሲለማመጥ ሰምቼ፣ በዚህ አለማመጥህ እምቢ ብትልህ ይሻላታል ብዬዋለሁ።"

"በእንግሊዝኛ?" አለ አስቻለው።

"በምን ልበለው?" ወደ እኔ ዞሩ። "ወንድሟ አለመሆኑንም ያኔውኑ አውቄያለሁ። ወንድም ደጅ ቆሞ ባርኔጣ አያሽከረክርም፤ ገብቶ ምሳ ይጠይቃል።"

ሳሎኑ ሳቀ። ያ የድሮው የጎረቤት ሳቅ ነበር የመሰለኝ። ሮሆቦት ግን አልሳቀችም፤ እኔን ታየኛለች። የቀረው ምን እንደሆነ ሁለታችንም እናውቃለን። የጋሪው ነገር ነው።

"እትዬ..." አልኩ። "ጋሪውን..."

"ጋሪው ምን ሆነ?"

"ማርታ ጋሪውን..."

"ነድታዋለች" አሉ። "እሷ ካልነዳችው እኔ ከማን ተማርኩ? ከአንተ ነው? አንተማ ምሰሶ ላይ ነው የላክኸኝ። በል ተነሥ ከወንበሩ።"

ተነሣሁ። ሮሆቦት እጃቸውን ይዛ አምጥታ አስቀመጠቻቸው። ነጠላቸውን አስተካከሉ፤ "ክፈቺው" አሉ። ስክሪኑ ላይ ማርታ አንገቷን ደፍታ "አዎን" አለች።

"ማርታ 'ቆይ' አለች" አሉ እትዬ አጸደ።

"እሺ አለች እኮ" አለ አስቻለው።

"አስቻለው፣ ባርኔጣህን አውልቅ፤ ሰርግ ቤት ነህ። 'ቆይ' አለች። 'አንተን ማግባቱን አገባሃለሁ፤ ግን ፖስታው አልደረሰም' አለች። ዓይነ ርግቧን አውልቃ ለቄሱ አስያዘች። በመሐል መንገዱ ወጣች። ፈረሶቹ ደጅ ናቸው፤ ያውቋታል። ሐኪሙ እየሮጠ ተከተላት። 'ልንዳ' አላት። 'አትነዳም፤ ጎኔ ተቀመጥ፤ ቀበቶህን እሰር' አለችው።"

"ጋሪ ላይ ቀበቶ?"

"በእሷ ጋሪ ላይ አለ። ተራሮቹን ከኋላዋ አደረገች። ከፊት ሜዳ ነው፤ ደረቅ ሣር፣ ነፋስ ከጎን የሚገፋህ። መጀመሪያ መንገዱ ወደ ግራ ይጠመዘዛል፤ እዚያ ላይ መቀነስ አለብህ፤ ከዚያ ይከፈትልሃል፤ ነጫጭ ድንኳን የመሰለ ነገር በሩቁ ይታይሃል።"

ይህ ሸለቆ አይደለም፤ የኤርፖርቱ መንገድ ነው፤ ድንኳን የሚመስለውም የኤርፖርቱ ጣሪያ ነው። ሁለት እጃቸው ከፊታቸው ከፍ ብሏል፤ መሪው ቀስ ብሎ ወደ ግራ ዞረ፣ ተመለሰ። ሮሆቦት የቴሌቪዥኑን ድምፅ ጨርሶ አጠፋችው፤ ማንም አላስተዋለም። ስክሪኑ ላይ ሙሽሮቹ ቤት ገብተው ፓይ ይቆርሳሉ፤ ሳሎኑ ውስጥ የተቀመጠው ሁሉ ግን የሚያየው የአሮጊቷን እጅ ነው። እኔ ስተረጉም ሰው እንዲህ ዝም ብሎ አያውቅም፤ ማለቴ፣ ብዙ ጊዜ አያውቅም። ያስተማርኳቸው እኔ ስለሆንኩ ክብሩ የጋራ ነው።

እጃቸው ቆመ።

"ከዚያስ?" አልኩ። ይህ ቃል ዕድሜ ልኬን ሲባልልኝ ነው የኖረው፤ ከራሴ አፍ ሲወጣ ግን የመጀመሪያው ነው።

"ከዚያ ያለው ተቀምጦ አይነገርም። መኪናህ ደጅ ናት?"

"ናት እትዬ።"

ሮሆቦት ደግፋ አወጣቻቸው። ከፊት ተቀመጡ፤ ዳሽቦርዱን፣ የበሩን እጀታ፣ የመስኮቱን ጠርዝ በጣታቸው ዳሰሱና "አቧራ ይዛለች" አሉ። ሮሆቦትና አስቻለው ከኋላ ገቡ፤ ባርኔጣው ጣሪያውን ነክቶ ወደቀ። ቁልፉን ላዞር ስል እትዬ አጸደ እጃቸውን ክንዴ ላይ አኖሩ።

"ቀበቶህን" አሉ።

ከዚህ እስከ ካሊፎርኒያ የሚወዳደረኝ ሾፌር የለም፤ መኪናዬ ውስጥ ማንም አዞኝ አያውቅም። አሰርኩ።