የፍልሰታ አጥሚት

ዓይናዲስ ከጓዳ ሮጣ ወጥታ አጥሩ ጥግ እንደደረሰች አስመለሳት። ሆዷ ውስጥ እህል የሚባል አልነበረም፤ የወጣው መራራ ውሃና ቀደም ብላ በአንድ ጉንጭ ውሃ የዋጠችው ክኒን ነው። ቀና ስትል አማቷ ወይዘሮ ለተሥላሴ ነጠላቸውን እንዳጣፉ በር ላይ ቆመው ያዩዋታል።

"ዛሬ ሦስተኛ ቀንሽ ነው" አሉ። "አበባሽስ ከመቼ ወዲህ ቀረ?"

"አራት ወር ሆነው፣ እማዬ።"

እውነቷን ነበር። ወይዘሮ ለተሥላሴ ሌላ አልጠየቁም። እጃቸውን ወደ ሰማይ ዘርግተው "እመቤቴ፣ በሱባኤሽ ሰማሽኝ!" አሉና ክንዷን ያዙ። "ግቢ ልጄ፣ ብርድ እንዳይመታሽ።"

ልጄ! በዚህ ቤት በኖረችባቸው ስድስት ዓመታት ወይ "አንቺ" ተብላለች፣ ወይ ለጎረቤት "ያቺ" እየተባለች ተጠቅሳለች። ቃሉ ደስ አሰኛት፤ ደስ ስላሰኛትም አፈረች።

እርጉዝ እንዳልሆነች ታውቃለች። ባለፈው ሳምንት ክሊኒክ ሄዳ ሽንቷን አስመርምራ "የለም" ተብላለች። አበባዋ ከልጅነቷ ጀምሮ እንደፈለገው የሚመጣ፣ እንደፈለገው የሚቀር ነው። አገጯ ላይ የሚበቅለውንም ጸጉር ማንም ሳይነሳ በወረንጦ ትነቅለዋለች። ሚያዝያ ላይ ከባሏ ከኪዳኑ ጋር ደሴ ወርደው ሐኪሙ በመሣሪያ ካያት በኋላ፣ እንቁላሎቿ ትንንሽ ሆነው እንደሚቀሩና በጊዜያቸው እንደማይለቀቁ ነገራት።

"አበባሽን ማስተካከል ብቻ ቢሆን የወሊድ መቆጣጠሪያ እሰጥሽ ነበር" አላት። "አንቺ ግን ልጅ ትፈልጊያለሽ። ስለዚህ በሜትፎርሚን እንጀምር፤ የስኳር ሕሙማን የሚወስዱት ነው፣ ለዚህም ይረዳል። በስድስት ወር ካልሆነ እንቁላል የሚያስለቅቅ ሌላ ክኒን አለ። ይሄኛውን ጠዋትና ማታ ከምግብ ጋር ውሰጂ፣ አደራ።"

ስለ ፍልሰታ እሱም አልጠየቃት፣ እሷም አልነገረችው። የንስሐ አባቷን አባ ገብረ ጻድቅን ብትጠይቅ ይፈቅዱላት ነበር፤ ግን የአማቷም የንስሐ አባት እሳቸው ናቸው፣ ቤቱንም ይመላለሱበታል። "ለምን አትጾምም?" ቢባል ምን ሊመለስ ነው? ኪዳኑ ደግሞ ከደሴ ሲመለሱ አውቶቡስ ውስጥ "ለእናቴ ባትነግሪያት ይሻላል፤ በሽተኛ አገባህ ትለኛለች" ብሏታል። ስለዚህ ክኒኑ የስፌት መኪናዋ መሳቢያ ውስጥ ከክር ሥር ተደበቀ። ጾሙ ሲገባ፣ ከቁራሽ ቂጣ አንድ ጉንጭ ውሃ ያነሰ ኃጢአት ነው ብላ በራሷ ሒሳብ ወሰነች። ሆዷ ግን ሒሳቧን አልተቀበለም።

ወይዘሮ ለተሥላሴ አጥሚት በትልቅ ኩባያ ይዘው መጡ።

"ጠጪ። ለአንቺ ጾም የለም፣ ለአባ ገብረ ጻድቅ እኔ እነግራቸዋለሁ። አሁን መናኸሪያ ወርጄ ሾፌሩን ተስፋውን እይዘዋለሁ። ሦስት ሰዓት ላይ ወደ ፃግብጂ ይወጣል፤ እዚያ ስልክ አይሠራም፣ ለኪዳኑ በቃሉ ይንገርልኝ።"

ኪዳኑ ፃግብጂ የግብርና ሠራተኛ ነው። ድሮ ቅዳሜ ቅዳሜ ይመጣ ነበር። አሁን ከሰኔ ወዲህ አልመጣም፤ በዝናቡ ያሳብባል፣ መቅረት የጀመረው ግን ዝናቡ ሳይገባ ነው።

ዓይናዲስ ኩባያውን በሁለት እጇ ያዘች። ሞቃት ነው። ዝም ብትል በየጠዋቱ አጥሚት ይመጣላታል፣ ክኒኑም በምግብ ይዋጣል። ከወር በኋላ "ጨነገፈብኝ" ማለት ይቻላል፤ ስንቷ ብላው ይሆናል። ኪዳኑም ቅዳሜ ከጭቃው ጋር እየታገለ ይመጣል። ይመጣል፤ ግን ለሌለ ልጅ ነው የሚመጣው። እሷማ ሚስቱ ሆና እዚሁ አለች፣ አልመጣላትም። ኩባያውን ሳትቀምሰው አስቀመጠችው።

አማቷ በሩ ጋ ደርሰዋል።

"እማዬ፣ መልእክቱን አይላኩት።"

"ምነው? ደስታውን በራስሽ አፍ ልትነግሪው ነው?" ፈገግ አሉ።

መሳቢያውን ስባ የክኒኑን እሽግ አወጣችና ከኩባያው አጠገብ አኖረችው። "ልጅ የለም። የሚያስመልሰኝ ይሄ ነው። ከምግብ ጋር ነበር መወሰድ ያለበት፣ እኔ በባዶ ሆዴ ዋጥኩት።"

ወይዘሮ ለተሥላሴ እሽጉን ከሩቅ አዩት፤ የስኳር ሕመምተኞች ጋ የሚያውቁት ክኒን ነው። "ስኳር አለብሽ?"

"የለብኝም። እንቁላሌ በጊዜው አይለቅም። እንዲስተካከል ነው የታዘዘልኝ።"

"ኪዳኑ ያውቃል?"

"ያውቃል። አብረን ነው የታየነው።"

ይሄኛው ነው የጎዳቸው። በሩን ተደገፉ፤ ፊታቸው ላይ የቀረው ደስታ ቀስ በቀስ ወረደ። "ልጄን እንኳ ለእኔ ዝም አሰኘሽው" አሉ፤ ዝም እንድትል የጠየቃት ራሱ መሆኑን አልነገረቻቸውም። "ልጄ" ሲሉም ኪዳኑን ማለታቸው ነበር።

ነጠላቸውን አስተካክለው ወጡ። መንገዱ ላይ ወደ መናኸሪያው ሳይሆን ወደ ቤተ ክርስቲያኑ ዞሩ። ኩባያውን ግን አልወሰዱትም።

ዓይናዲስ ብቻዋን ቀረች። አጥሚቱ ላዩ መርጋት ጀምሯል። አማተበችና እስከ ግማሽ ጠጣች፣ ክኒኑን ዋጠች፣ የቀረውን አስከተለች። ኩባያውን አጥባ ደፋችው። እሽጉን ወደ መሳቢያው ልትመልስ እጇን ከሰደደች በኋላ ተወችው፤ የአማቷ የጸሎት መጽሐፍ የሚቀመጥበት መደርደሪያ ላይ፣ እንደገቡ ከሚያዩት ቦታ አስቀመጠችው።