በልምምድ የሞተችው ልብስ ሰፊ

ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው። ልብስ ሰፊዋ መሞቷን የሰማችው ከሰፈሩ ሁሉ መጨረሻ ላይ ነው። ያኔም ቢሆን አፏ ውስጥ ስፒል ነክሳ የሰው ሱሪ እያሳጠረች ነበር።

መርዶውን ያመጣችላት ጎረቤቷ ሬዲዮ ናት። የወላጆቿ ስም ሌላ ነው፤ ግን ሰፈሩ ሬዲዮ ካላት ወዲህ በዚያኛው ቢጠሯት ዞራ አታይም። ሬዲዮ ጸጉር ቤት ካስክ ሥር ተቀምጣ ቴሌቪዥን ስታይ፣ ከዳዴው ጀምሮ የምታውቀው የሰፊዋ ልጅ ጥቁር ሸሚዝ ለብሶ መድረክ ላይ ቆሟል። «እናቴ የሞተችው መድኃኒት ዘግይቶባት ነው» አለ። ከዚያ ወዲያ ያለውን ማን ይስማ! ግማሽ ጸጉሯ በቢጎዲን እንደተጠቀለለ ከወንበሯ ተስፈንጥራ ወጣች።

«እኔን! እኔን ያስቀድመኝ! ምነው ጓደኛዬ፣ ምነው ሳትሰናበቺኝ!» እያለች በሩን በርግዳ ገባች።

ሰፊዋ ስፒሎቹን ከአፏ አወጣች። «ማን ሞተ?»

ሬዲዮ ደረቷን ልትደቃ ያነሣችው እጅ አየር ላይ ቀረ። «አንቺ» አለች።

«እኔ?»

«ቴሌቪዥኑ ነው ያለው፤ እኔ ምን አውቄ! ልጅሽ ነው የተናገረው!»

«ታዲያ ለቅሶ ባዶ እጅ ይመጣል?» አለቻት ሰፊዋ፤ ቀልድ መስሏት ነበር። ሬዲዮ ግን እያለቀሰች ስታቅፋትና ቢጎዲኑ ጉንጯን ሲወጋት፣ ሆዷ አንድ ነገር ጠረጠረ። «አንቺ ሴትዮ፣ ካስክ ውስጥ ሆነሽ ምን ይሰማሻል? የሌላ ሰው እናት ናት። በይ ጸጉርሽን ጨርሰሽ ነይ» ብላ ሸኘቻት። ልጅን ለጎረቤት አሳልፎ መስጠት ነውር ነው፤ ለሬዲዮ ደግሞ ከነውርም ያልፋል።

ልጇን ቁልፌ ነው የምትለው። ከመስፊያ መኪናው ሥር እየዳኸ የወደቀ የሸሚዝ ቁልፍ ሲለቅም ስላደገ ነው። አሁን ቁልፌ ጢም አውጥቷል፤ «መሥራችና ዋና ሥራ አስፈጻሚ» የሚል ካርድም አሳትሟል። ትምህርቱን በጨረሰ ሰሞን «እማ፣ ስታርትአፕ ልጀምር ነው» ሲላት አዲስ በሽታ የነገራት መስሏት ግንባሩን ዳስሳዋለች።

በሽታስ በሽታ ነበር፤ አገሩን ሁሉ የያዘ። ዱሮ የዱቄት መጋዘን የነበረው ሕንፃ መስታወት ለብሶ «የፈጠራ ማዕከል» ተባለ። ባለሥልጣን ሪባን ቆረጠ፤ ከወንበር ይልቅ ከረጢት የሚመስል መቀመጫ ገባበት፤ አንዴ ከሰጠሙበት የሚያወጣ ሰው ያስፈልጋል። ከዚያ ውድድር በውድድር ሆነ። የሚያወዳድር በዛ፣ የሚያሠለጥን በዛ፣ የሚሸለም በዛ። የሚገዛ ብቻ ገና አልመጣም ነበር።

የቁልፌ ሐሳብ ክፉ አልነበረም። ሰው ከቤቱ ሳይወጣ በስልኩ መድኃኒት ያዛል፤ ሞተረኛ ከፋርማሲ ተቀብሎ ያደርስለታል። ለዚህ ግን ቢሮ ያስፈልጋል። ሰፊዋም የመንገድ ዳሩን ክፍሏን፣ ያንን ፀሐይ የሚገባበትን የመስፊያ ቤቷን ለቀቀችለት። መኪናዋ ወደ ኮሪደር ተሰደደ። ደንበኛ ደግሞ ሰው ጓዳ ዘልቆ ሰፊ አይፈልግም፤ ቀስ በቀስ ተበተነ። ቀሪው ሱሪ ማሳጠርና ዚፕ መቀየር ብቻ ሆነ። በምትኩ አንዲት ነገር ጠየቀችው።

«ሌላ አልፈልግም። ድርጅትህን የምታስመርቅ ቀን ፊት ወንበር ላይ አስቀምጠህ፣ በሰው ፊት ‹እናቴ› በለኝ።»

«እሱማ ምን ይጠየቃል፣ እማ!»

እንግዲህ ሬዲዮ መርዶ ያመጣች ዕለት ቁልፌ ከማዕከሉ ሲመለስ፣ እናቱ መቀሷን እንደያዘች ኮሪደሩ ላይ ጠበቀችው።

«ና እስቲ። በምን ሞትኩ?»

ልጁ ቦርሳውን አወረደ። ፊቱ ልክ ልጅ ሆኖ መስታወት ሰብሮ እንደተያዘበት ቀን ሆነ።

«እማ፣ ታሪክ ነው እኮ። የአቀራረብ ታሪክ።»

«ያቀረብከውማ ሬሳዬን ነው።»

«አሠልጣኙ ነው…»

አሠልጣኙ፣ ገና ከካርቶኑ እንደወጣ ሸሚዝ እጥፋቱ ያልተነካ ሰው ነው። በማዕከሉ ያሉትን ወጣቶች ሁሉ መድረክ ላይ አነጋገር የሚያስተምር እሱ ነው። ትምህርቱም አንድ ነው፦ ንግግራችሁ ሲጀምር ሰው ይሙት። ባለሀብትን ቁጥር አያስለቅሰውም፤ ያላለቀሰ ባለሀብት ደግሞ እጁን ኪሱ አይከትም።

«መጀመሪያ ‹እናቴ ታማ ነበር› ነው ያልኩት» አለ ቁልፌ። «‹ከዚያስ?› አለኝ። ‹ዳነች› አልኩት። ‹ከዳነችማ አንተ ለምን ታስፈልጋለህ? ተቀመጥ!› አለኝ። በሁለተኛው ልምምድ በጠና ታመምሽ። በሦስተኛው…»

«ገደልከኝ።»

«ሁሉም ገድሏል እኮ፣ እማ! የእርሻው መተግበሪያ ልጅ አባቱን ገድሏል። የትራንስፖርቷ ልጅ መንታ እህቷን ነው የገደለችው፤ መንታ የላትም እኮ!»

«እሷስ ትሻላለች፤ የሌለችውን ነው የገደለችው።» መቀሷን መኪናው ላይ አኖረች። «ደግሞ ዘግይቶባት ስትል ትንሽ አታፍርም? ፋርማሲው ደጃችን ፊት ለፊት ነው። የግፊት ክኒኔን በነጠላ ጫማ ነው ተሻግሬ የማመጣው።»

«በታሪኩ የገጠር ሴት አድርጌሽ ነው» አለ ቁልፌ በቀጭን ድምፅ።

ከት ብላ ሳቀች። ሳቋ ሲያልቅ «እኔኮ ሬዲዮን ዋሸሁልህ» አለችው። «በቁሜ ቀብረኸኝ፣ እኔ ደግሞ አፈሩን መለስኩልህ።»

ልጁ ግን ነገሩን አልጨረሰም ነበር። ውድድሩን አሸንፏል። አንዲት ትልቅ ባለሀብት በታሪኩ አልቅሳ ድርጅቱን ልትደግፍ ወስናለች፤ ለድርጅቱ ምረቃ ራሷ ትመጣለች፤ ከሟች ቤተሰብ አንድ ሰው ካላገኘሁም ብላለች።

«አንቺን ‹አክስቴ ናት› እላታለሁ። የእናቴ ታናሽ እህት። አንድ ቀን ብቻ፣ እማ።»

«እውነቱን ብትነግራትስ?»

«ይዘጋል። አብረውኝ የሚሠሩት ልጆች ይበተናሉ። የለቀቅሽልኝ ቤት፣ የተበተነው ደንበኛሽ፣ ሁሉም ከንቱ ይቀራል።»

ቀጥላ የጠየቀችው ነገር እሷንም አስገርሟታል። «የምቀመጠው ፊት ወንበር ላይ ነው?»

«ፊት ወንበር ላይ ነው።»

ሞኝነቷ አይደለም፤ የእናት ስሌት ነው። ከመድረኩ ላይ ዓይኑ ዓይኔ ላይ ሲያርፍ አንጀቱ አይችልም አለች በልቧ። አሠልጣኝ አፍን ነው የሚያሠለጥን፤ አንጀትን ማን አሠልጥኖ!

በምረቃው ቀን በገዛ እጇ የሰፋችውን ሰማያዊ ቀሚስ ለብሳ ወደ ማዕከሉ ሄደች። አሠልጣኙ ከበር ተቀብሎ ጥቁር ሻሽ አሠራት፤ መነጽርም አደረገላት። «እህትማማቾች ቢመሳሰሉም በልክ ነው» አለ እየሳቀ። ከዚያ ወደ ጆሮዋ ጠጋ ብሎ «እማማ፣ እንባ ከመጣ አይጥረጉት። ካሜራው በግራ በኩል ነው» አላት። ደግ ሰው ነው፤ ውኃም አስመጣላት።

መድረኩ ላይ ፎቶዋ ተሰቅሏል። «ላሳድገው» ብሎ ከቤት ግድግዳ የወሰደው የወጣትነት ፎቶዋ። እውነትም አሳድጎታል፤ ከበር ይበልጣል። ማዕዘኑ ላይ ጥቁር ሪባን ታስሯል። መጀመሪያ ያየችው የሪባኑን ጫፍ ነው፤ ጠርዙ ሳይታጠፍ ስለተቆረጠ መተርተር ጀምሯል። ሙያ ነውና እጇን በላት።

ቁልፌ ተናገረ። «እናቴ» አለ። «እናቴ ልብስ ሰፍታ አሳደገችኝ። እናቴ የመጨረሻውን…» አንድ ጊዜም ወደ ፊት ወንበር አላየም፤ ሁሉን የሚናገረው ለፎቶው ነበር። በመጨረሻ ድምፁ ተሰበረና «ለእናቴ መታሰቢያ የአንድ ደቂቃ የኅሊና ጸሎት እናድርግ» አለ።

አዳራሹ ብድግ አለ። ባለሥልጣኑ ተነሣ፣ ባለሀብቷ ተነሣች፣ ከረጢቱ ውስጥ የሰጠሙትም እርስ በርስ እየተጎተቱ ወጡ። አንድ ሰው ብቻ ተቀምጦ ቀረ።

«እማማ፣ ይነሡ እንጂ!» አለ አሠልጣኙ ከኋላዋ ሆኖ በሹክሹክታ።

«ሰው ለሞተ ይነሣል እንጂ፣ የሞተ ይነሣል?»

ክንዷን ይዞ፣ ሳያሳምም፣ እንደ ዕቃ አነሣት።

ቆመች። ከፎቶው ጋር ፊት ለፊት ተያዩ። ፎቶው ውስጥ ያለችው ልጅ የለበሰችውን ሰፊ ሽንሽን ማን እንደሰፋው፣ ለምን ያን ያህል እንዳሰፋው የሚያውቅ በአዳራሹ አንድ ሰው ብቻ ነበር። ሽንሽኑ ሥር ቁልፌ ነበረ፤ ሊወለድ ቀርቦ። ከአንጀት ካለቀሱ እንባ አይገድም። አላበሰችውም። አሠልጣኙ ለካሜራው ሰው በጣቱ ጠቆመ።

ጸሎቱ ሲያበቃ ባለሀብቷ መጥታ ሁለት እጇን ያዘቻት። ዓይኗ ቀልቷል፤ የምሯን ነው ያለቀሰችው። «እህትዎ ምን ዓይነት ሰው ነበሩ?» አለቻት።

ቁልፌ ከባለሀብቷ ትከሻ ጀርባ ቆሞ ነበር። አንዲት ቃል፣ አንዲት ብቻ፣ ያን ሁሉ መስታወት ማርገፍ ትችላለች።

«ሞኝ ነበረች» አለች ሰፊዋ። «ልጇ የጠየቃትን እምቢ ማለት አታውቅም።»

ባለሀብቷ ወደ ቁልፌ ዞረች። «እኚህ አክስትህ እኮ እናትህ ማለት ናቸው!»

ያኔ ዓይኑ ዓይኗ ላይ አረፈ። የጠበቀችው ይህን ነበር። ከንፈሩ ተንቀጠቀጠ፤ ልጅ ሆኖ ሊያለቅስ ሲል እንደሚያደርገው አገጩ ተሸበሸበ። መጣ፣ አለች በልቧ፣ መጣልኝ።

«እንደ እናት የሚሆን የለም» አለ ቁልፌ። እንባው ዱብ ዱብ አለ፤ እውነተኛ ነበር።

ባለሀብቷ ልጁን አቀፈችው። አሠልጣኙ በሰፊዋ ጆሮ በኩል ለረዳቱ «ግሩም! ለሚቀጥለው ዙርም እሳቸውን እናምጣ» ሲል ተሰማ።

ሰፈር ስትደርስ፣ ልጇ የገባላትን ቃል የምታውቀው ሬዲዮ ደጃፉ ላይ ተገትራ ጠበቀቻት።

«እሺ፣ ንገሪኝ! ፊት ወንበር ላይ አስቀመጠሽ?»

«አስቀመጠኝ።»

«በሰው ፊት ‹እናቴ› አለሽ?»

ሰፊዋ ጥቁሩን ሻሽ ከራሷ ፈትታ በልኩ አጣጠፈችው።

«አለኝ» አለች። «ደጋግሞ ነው ያለኝ። አዳራሹ በሙሉ ብድግ አለልኝ።»

«እሰይ! እሰይ የኔ እህት! የወለደ እንዲህ ነው እንጂ!» ሬዲዮ ጉንጯን ስማ ወሬውን ለሰፈሩ ልታደርስ ሮጠች። ሰፊዋ ወደ ኮሪደሯ ገባች፤ ያላለቀውን ሱሪ አነሣችና ስፒሎቹን አፏ ውስጥ መልሳ ነከሰች።