የማናልሞሽ ሆራ

የሐፍሳ ላም ተንበርክካ መነሣት አቃታት። ሐፍሳ ጅራቷን ይዛ ታነሣለች፣ ጎረቤቷ ማናልሞሽ ከፊት ሆና በቀንዷ ትስባለች፤ ላሟ ግን አንገቷን ዘርግታ አረፋ ደፈቀች። ሆዷ እንደ ከበሮ ተነፍቷል። አጠገባቸው ካለው ምንጭ ዳር የሐፍሳ ሁለት ጥጆች ሞተው ተጋድመዋል።

"እትዬ፣ ምን በላችብኝ?" አለች ሐፍሳ እያለቀሰች። "ትናንት ማታ ደህና ነበረች እኮ! ሆራዋን ጠጥታ፣ ደስ ብሏት ነው የገባችው።"

ማናልሞሽ ቀንዱን ለቅቃ ወደ ምንጩ ዞረች። ከቴፒ ወጣ ባለው በዚህ የቡና መንደር ወሬ የሚጀምረውም የሚያልቀውም እሷ ቤት ነው። ክረምቱ ሲገባ ከጓሮዋ በታች ያለው ምንጭ ጨው ጨው ማለት ጀመረ፤ ከብቱም ተሻምቶ ይጠጣው ነበር። ያኔ "እግዜር ሆራ ሰጠን!" ብላ መንደሩን ያበሰረችው እሷ ናት። ማን ይጠራጠራል? ሆራ የጠጣ ከብት ይወፍራል፣ ወተት ይጨምራል፤ ሰውም ለጨጓራ ለቃር ይለዋል። ሆራ ፍለጋ ከብት እየነዳ ግማሽ ቀን ይጓዝ የነበረ ሰው፣ ደጁ ድረስ ሲመጣለት እልል አለ። ስሙንም "የማናልሞሽ ሆራ" አሉት። እሷም ስሙን ወዳው ነበር።

አሁን ጎንበስ ብላ ውሃውን አየችው። ላዩ ላይ የሚያብረቀርቅ ቅባት ተንሳፍፏል። ጋራዥ ጋራዥ ይሸታል።

"ነይ፣ ከየት እንደሚመጣ እንይ" አለች ሐፍሳን።

ጅረቱን ይዘው በቡናው ውስጥ ሽቅብ ወጡ። ከጉብታው ጀርባ ነዳጅ የሚፈልገው ኩባንያ ያጠረው ግቢ አለ። ከአጥሩ ሥር የቆሻሻ ውሃ የሚጠራቀምበት ትልቅ ጉድጓድ በአንድ ጎኑ ተንዶ፣ ጥቁር ውሃ ወደ ጅረቱ ይወርዳል። አጠገቡ ያለው ቡና ቅጠሉ ረግፎ ደርቋል። ማናልሞሽ እጇን አፏ ላይ ጫነች።

"እማዬ! እዚህ መምጣት ክልክል ነው!"

የጥበቃ ልብስ የለበሰው ብሩክ ነው፣ የማናልሞሽ ልጅ። ሥራውን ያገኘ ዕለት እናቱ ያልነገረችው ሰው አልነበረም። ካምፕ ስለሚያድር ቤት የሚመጣው አልፎ አልፎ ነው።

"ምንድን ነው ይሄ?" አለችው።

ብሩክ ግራ ቀኙን አየ። "ሲቆፍሩ ከመሬት ሥር የሚወጣ ውሃ ነው። ጨው አለው፣ ዘይትና ኬሚካልም ይቀላቀልበታል። ጉድጓዱ መጀመሪያም ያፈስ ነበር፤ የሰሞኑ ዝናብ ደግሞ ናደው። አትናገሩ ተብለናል። ለእናንተ ግን ምን ችግር አለው? የምትጠጡት የቦኖ ውሃ ነው።"

"ሆራው እኮ ነው፣ ብሩክ።"

"የምን ሆራ? ሩቁ አይደለም እንዴ የምትሄዱት?"

"ከጓሮዬ በታች ያለው ነው። ይሄ ነው የሚወርድበት።"

ብሩክ ፊቱ አመድ መሰለ። "ህሊናስ?" አለ። ሚስቱ ህሊና ወሯ ገብቶ እናቱ ቤት ናት። "እሷም ትጠጣለች?"

"ቃር ሲያስቸግራት... በየጠዋቱ በኩባያ እሰጣታለሁ። በገዛ እጄ።"

ማናልሞሽ ጭቃው ላይ ቁጭ አለች። ብሩክ ዱላውን ጥሎ ቁልቁል ሮጠ። ትንሽ ሄዶ ግን ዞረ።

"ሚዛን ሆስፒታል እወስዳታለሁ። እማዬ፣ እኔ እንደነገርኩሽ እንዳትናገሪ! ያባርሩኛል። በምን አሳክማታለሁ?"

ሐፍሳ ማናልሞሽን ደግፋ ወደ ምንጩ መለሰቻት። ሲደርሱ ሌላው ጎረቤታቸው ጋሽ ፈንታው በሬዎቻቸውን እየነዱ፣ ከኋላቸውም ጀሪካን የያዙ ሴቶች ይመጣሉ። ማናልሞሽ መንገዱ መሀል ገብታ እጆቿን ዘረጋች።

"ጋሽ ፈንታው፣ ይመልሷቸው! ውሃው መርዝ ነው!"

ጋሽ ፈንታው ሳቁ። "ትናንት መድኃኒት፣ ዛሬ መርዝ? ለብቻሽ ልትይዢው ነው እንዴ?"

"የሐፍሳን ላም አያዩም?"

"እርጥብ ሣር በልታ ነፍቷት ይሆናል። ለመሆኑ መርዝ ነው ያለሽ ማን ነው?"

ሐፍሳ ሁሉንም ሰምታለች። ግን የጎረቤቷን ልጅ አሳልፋ መስጠት ከበዳትና አንገቷን ደፋች።  ማናልሞሽ ህሊናን አሰበች፤ ልጇ ከሥራ ተባርሮ ሆስፒታል በር ላይ ቆሞ ታያት። አንዱ በሬ በጎኗ አልፎ አንገቱን ወደ ውሃው ሰደደ።

"ብሩክ ነው የነገረኝ!" ብላ ጮኸች። "እዚያ የሚጠብቀው፣ የእኔው ልጅ። ለሌላውም ስትነግሩ ብሩክ አለ በሉ።"