ቀይ ጨምሪበት

ስልኩ ሲጮኽ ሠዓሊዋ ወጥ ቤት ውስጥ ብሩሾቿን እያጠበች ነበር። የደወሉት ሥዕል የምትሠራለት የልጆች መጽሐፍ አዘጋጅ ናቸው፤ በዕድሜ ስለሚበልጧት "እትዬ" ነው የምትላቸው።

"ገጹ ነቃ!" አሉ እትዬ፣ ሰላምታ እንኳ ሳያስቀድሙ። "አላልኩሽም? ቀይ ሲጨመርበት ይነቃል አላልኩሽም? በቃ፣ ነገ ጠዋት ማተሚያ ማሽን ላይ ይወጣል።"

"እሰይ" አለች ሠዓሊዋ። አንድ ነገር ግን ከሰሞኑ ይከነክናታል። እንዲህ ሲከነክናት ደግሞ ጆሮ ዳባ ልበስ ማለት ታውቅበታለች።

ብሩሾቹን አራግፋ ወደ ሥራ ክፍሏ ስትመለስ ልጇ ሚጢጢ ጠረጴዛው ሥር ተቀምጣለች። ሚጢጢ የቤት ስሟ ነው፤ ገና አራት ዓመቷ ነው። የጨርቅ ጥንቸሏን በደረቷ አጣብቃ ይዛለች። ከንፈሯ፣ አገጯ፣ ጉንጯ ሳይቀር ቀልቷል።

"ሚጢጢ! ምንድን ነው የበላሽው?"

ልጅቷ አፏን ግጥም አድርጋ ዘጋች።

ሠዓሊዋ ቀና ስትል ወንበሩ መደርደሪያው ሥር ተገትሯል። መደርደሪያው አናት ላይ፣ ልጅ አይደርስበትም ብላ ያስቀመጠችው ብርጭቆ አሁን ጠረጴዛው ላይ ነው። ብርጭቆው ውስጥ የቆመው ቀይ ፍሬ ያለው ቅርንጫፍ ሳስቷል። አጠገቡ የውኃ ቀለሟ ሳጥን ተከፍቷል፤ ቀዩ ቀለም መሐል የትንሽ ጣት ጉድጓድ አለ።

ቀለም ነው ወይስ ፍሬ?

ነገሩን ለመረዳት የዚህችን ሴት አሠራር ማወቅ ያስፈልጋል። ሠዓሊዋ ለልጆች መጻሕፍት ሥዕል ትሠራለች፤ ሥዕሏ ሁሉ ከዛፍ፣ ከቅጠል፣ ከነፍሳት ነው። ያላየችውን አትሥልም። ቀንድ አውጣ ሥላ እንደሆነ ቀንድ አውጣው በጠርሙስ ሆኖ ከአጠገቧ ሰንብቷል ማለት ነው። ጎረቤቶቿ "ቅጠል ለቃሚዋ" እያሉ ይቀልዱባታል፤ እሷም "ዐይኔ ያላየውን እጄ አያውቀውም" ብላ ትመልስላቸዋለች። በዚህ ትኮራለች።

የአሁኑ መጽሐፍ ስለ አንዲት የተራበች ጥንቸል ነው። ጥንቸሏ መጨረሻ ላይ የጫካ ፍሬ አግኝታ ትበላለች፣ ትጠግባለች። የሚበላው የጫካ ፍሬ ሲበስል ጠቆር ያለ፣ አቧራ የነካው የሚመስል ነው። ሠዓሊዋ እንዳለ ሥላ እንደ ልማዷ ፎቶውን ላከች፤ ዋናው ሥዕል ግድግዳዋ ላይ ይሰካል። እትዬም "ገጹ ተኝቷል፤ ቀይ ጨምሪበት" አሏት። ስለዚህ ከሰፈሩ ዳር ካለው አጥር ያንን ቀይ ፍሬ ቆርጣ አመጣች። ፍሬው የሚያብረቀርቅ፣ ክብ፣ ዐይን የሚጠራ ነው። መርዝም ነው። ይህን ከልጅነቷ ጀምሮ ታውቃለች፤ አንድ ቀን ወደዚያ ፍሬ ስትዘረጋ እናቷ እጇን መትተው አስለቅሰዋታል። ግን ለራሷ "ሥዕል ማንን ይመርዛል?" አለችና ለጥንቸሏ አጎረሰቻት።

ሚጢጢ ደግሞ ያንን ገጽ ከሁሉ አብልጣ ወደደችው። በየቀኑ "ጥንቸሏ ስትበላ አሳዪኝ" ትላለች።

"ንገሪኝ እንጂ የኔ ልጅ! ስንት በላሽ? ስንት?" ሠዓሊዋ ሳታስበው ጮኸች። ልጅቷ ፊቷን ጥንቸሏ ላይ ደፍታ ማልቀስ ጀመረች።

ከዚያ በኋላ እጇና እግሯ በራሳቸው ሠሩ። ልጇን ብድግ አደረገች፤ ቅርንጫፉን በላስቲክ ጠቀለለች። ወለሉ ላይ የወደቀች አንዲት ፍሬ እግሯ ሥር ፈነዳች። በሩ ላይ ስትደርስ ተመለሰችና ግድግዳው ላይ የተሰካውን የጥንቸሏን ሥዕል ነቀለች። ለምን እንደ ነቀለችው ያን ጊዜ ብትጠየቅ አትመልስም ነበር።

ከታች ቤት ጡረታ የወጡ ሾፌር ይኖራሉ፤ ሰፈሩ ሁሉ ጋሼ ሾፌር ይላቸዋል። አሮጌ መኪናቸውን እያጠቡ ነበር።

"ጋሼ፣ ልጄ መርዝ ሳትበላ አልቀረችም!"

ጋሼ ባልዲውን ጥለው ሞተሩን አስነሡ። መንገድ ላይ መኪናው እየተንገጫገጨ ሲያስቸግር ሚጢጢን በመስታወቱ አዩዋት።

"አይዞሽ የኔ እመቤት። ይቺ መኪና ስታረጅ መንጫጫት አመሏ ሆነ እንጂ ታደርሰናለች። ያቺ ጥንቸልሽ እንኳ ብትሮጥ ትቀድመን ነበር፣ አይደል?"

ሚጢጢ በእንባዋ መሐል ፈገግ ልትል ቃጣትና ተወችው። አፏን ግን አልከፈተችም።

"ልጅሽ ዝም ብላለች" አሉ ጋሼ ቀስ ብለው።

"ስለ ጮኽኩባት ነው።"

"እንግዲያው አንቺም ዝም በይ። የመኪናዋ ጩኸት ይበቃናል።"

ክሊኒኩ ውስጥ ወጣት ሐኪም ተቀበለቻቸው። የሚጢጢን አፍ በእርጥብ ጨርቅ ጠረገች፣ ምላሷን አየች፣ ሆዷን ዳበሰች። ጨርቁ ቀላ።

"ይሄ አብዛኛው ቀለም ይመስላል" አለች ሐኪሟ። "ፍሬም ቀላቅላበት ከሆነ ግን በዚህ ብቻ ማወቅ አልችልም። ቅርንጫፉን ማምጣትሽ ጥሩ ነው፤ ይሄን ተክል አውቀዋለሁ። አሁን ቁም ነገሩ ስንት ዋጠች የሚለው ነው። አንዷን ከሆነ እዚሁ አስቀምጠን እናያታለን። ሦስት አራት ከሆነ አልጠብቅም፣ አሁኑኑ ወደ ትልቁ ሆስፒታል እልካታለሁ። ቅርንጫፉ ላይ ስንት ነበር?"

ሠዓሊዋ ሥዕሉን ዘረጋች። ለካ ለዚህ ነው የነቀለችው! ያየችውን ብቻ የምትሥል ሴት ሥዕሏ ምስክሯ ነው። በጣቷ ቆጠረች። ሥዕሉ ላይ ዐሥራ አንድ ፍሬ አለ። ቅርንጫፉ ላይ የቀሩት ሰባት ናቸው።

"አራት ጎደለ" አለች ሐኪሟ፣ ወደ ስልኩም ዞረች።

"ቆይ!" ሠዓሊዋ ክንዷን ያዘቻት። "ቆይ፣ አንዷ ክፍሉ ወለል ላይ ወድቃ አይቻለሁ፤ ስንወጣ ረግጫታለሁ። ሦስት ናቸው። ደግሞ..."

ደግሞ ምን? አንድ ነገር ትዝ አላት። ቀዩን ፍሬ ሥላ ከላከች በኋላ እትዬ እንደገና ደውለው "ትንሽ ጨምሪበት" ብለዋት ነበር። ያን ጊዜ መስኮቱ ጨልሞ፣ ቅርንጫፉ መደርደሪያ ላይ ወጥቶ ነበር። ለማውረድ ሰነፈችና ከራሷ ፈጥራ ጨመረች። በዕድሜዋ ለመጀመሪያ ጊዜ ያላየችውን ፍሬ ሣለች። ስንት እንደ ጨመረች ግን አታስታውስም። አንድ? ሁለት? ወይስ ሦስት?

ሥዕሏ አሁን ሐሰተኛ ምስክር ሆነባት።

"እናቷ፣ ልጅሽ ናት፤ የምትጠራጠሪ ከሆነ ሦስቱንም እንደ በላች ቆጥሬ ልላካት" አለች ሐኪሟ።

"ትንሽ፣ ትንሽ ብቻ ታገሺኝ። ልጠይቀው።"

"ማንን?"

"ሥዕሉን።"

ወረቀቱን ወደ ብርሃን አስጠጋችው። ሐኪሟ ትዕግሥቷ አልቆ ስልኩን አንሥታለች፤ ሚጢጢ ጋሼ ጭን ላይ ሆና ታዛጋለች። ማዛጋቷ ራሱ ሠዓሊዋን አስደነገጣት። እንቅልፍ ነው ወይስ መርዙ?

ከዚያ አየችው። በእያንዳንዱ ፍሬ ላይ ነጭ ብልጭታ አለ። ሠዓሊዋ ፍሬዎቹን ስትሥል ቅርንጫፉ መስኮቱ ፊት ነበር የቆመው። ስለዚህ ብልጭታው የመስኮቱ ቅርጽ ነው፤ ግራ ጎኑ ላይ የተቀመጠ አራት ማዕዘን፣ መሐሉ ላይ የመስኮቱ መስቀል ያለበት። ዐይን አይቶ የሣለው እንዲህ ነው። ሳያይ የሚሥል እጅ ግን ዝም ብሎ ክብ ነጥብ ጠብ ያደርጋል።

"መስኮት... መስኮት... መስኮት" እያለች ቆጠረች። ላይኛው ጫፍ ላይ ካሉት ሁለቱ ብቻ መስኮት የላቸውም። መሐላቸው ላይ ክብ ነጥብ አለ።

"ሁለቱን የጨመርኳቸው እኔ ነኝ! ዘጠኝ ነበሩ። ሰባት እዚህ አሉ፤ አንዷን እኔ ረገጥኳት። የጎደለችው አንዲት ናት። አንዲት ብቻ!"

ሐኪሟ ሥዕሉን ተቀብላ በቅርብ አየችው። የምትፈልገውን መስኮት አገኘችው መሰል፣ ስልኩን አስቀመጠችው።

"እዚህ ትቆያለች" አለች። "ካስመለሳት፣ ወይም ዐይኗ ከተለወጠ ግን አልከራከርሽም።"

ቆዩ። የክሊኒኩ አግዳሚ ወንበር እንደ እሾህ ወጋት። ጋሼ ለሚጢጢ ጥንቸሏን እያስጨፈሩ ተረት ይነግሯታል፤ ሠዓሊዋ ግን የልጇን ትንፋሽ ከማዳመጥ ሌላ ጆሮ የላትም። ሐኪሟ እየተመላለሰች የሚጢጢን ዐይን በባትሪ ታያለች። አንድ ጊዜ ሚጢጢ አሳላት። እናትየው ከወንበሯ ብድግ ስትል ጋሼ ቀሚሷን ይዘው መልሰው አስቀመጧት።

"ሳል ነው። ሳል ሲሆን ሳል ነው ይባላል።"

እንዲያ ሆና ስትጠባበቅ ሌላው ነገር መጣባት። እዚህ ያለችው የእሷ ልጅ ናት፣ ሐኪም አጠገቧ አለ። ነገ ማሽኑ ሲነሣ ግን ያ ገጽ በየቤቱ ይገባል። በየቤቱ ደግሞ "ጥንቸሏ ስትበላ አሳዪኝ" የምትል ልጅ አትጠፋም። ሳይቃጠል በቅጠል ይባላል። ኮሪደሩ ላይ ወጥታ ደወለች።

"እትዬ፣ የጥንቸሏን ገጽ ያስቁሙት።"

"ምን ሆንሽ? ጤነኛ ነሽ?"

"ያ ቀይ ፍሬ አይበላም። መርዝ ነው።"

እትዬ ሳቁ። "ወይ አንቺ ልጅ! ሰው ገጹን አይቶ ፍሬ ሊለቅም? ልጆች ሥዕል ያያሉ እንጂ አጥር ለአጥር አይዞሩም።"

"የኔዋ ለቀመች።"

የእትዬ ሳቅ ተቋረጠ።

"የት ነሽ አሁን?"

"ክሊኒክ። እስካሁን ደኅና ናት።"

"እግዜር ይማራት" አሉ እትዬ፤ ድምፃቸው ወርዷል። ቀጥለውም "አንድ ነገር ልጠይቅሽ። ስትሥዪው ታውቂ ነበር?" አሉ።

አላውቅም ነበር ማለት ቀላል ነው። ማን ይጠይቃታል? እትዬ ከዋሸ ሰው ጋር እንደማይሠሩ ሁሉም ያውቃል፤ አውቆ ካጠፋ ሰው ጋርም አይሠሩም። ሠዓሊዋ ግንባሯን ግድግዳው ላይ አሳረፈች።

"አውቅ ነበር።"

"አይ አንቺ!" አሉ እትዬ። "አዲስ ገጽ ሥዪ፤ ሲመሽ ራሴ መጥቼ እወስደዋለሁ። ካልደረሰ መጽሐፉ ያለዚያ ገጽ ይታተማል፤ ጥንቸሏም እንደተራበች ትቅር። ስለሚቀጥለው መጽሐፍ ደግሞ... እሱን ሌላ ቀን እንነጋገራለን።"

ሐኪሟ ከቀትር በኋላ ለቀቀቻቸው። ቤት ሲደርሱ ብርሃኑ ገና መስኮቱ ላይ ነበር። ሠዓሊዋ ቅርንጫፉን ከላስቲኩ አውጥታ መስኮቱ ፊት አቆመችና አዲስ ወረቀት ወጠረች። አሁን የምትሥለው ጥንቸሏ ለቀዩ ቁጥቋጦ ጀርባዋን ሰጥታ ጠቆር ያለውን ፍሬ ስትበላ ነው። ጀርባዋን የሰጠች ጥንቸል ግን በዐይኗ አይታ አታውቅም።

"ሚጢጢ፣ ጥንቸልሽን ታበድሪኛለሽ?"

ልጅቷ አመነታች። ከዚያ አሻንጉሊቷን ዘረጋችላት። ሠዓሊዋ ጀርባዋን አዙራ ልታስቀምጣት ሆዷን ስትይዝ ጣቷ እርጥብ ነገር ነካ። ከአፏ በኩል ስፌቱ ተተርትሯል። ሁለት ጣቷን አስገብታ አወጣችው። የተጨፈለቀች ቀይ ፍሬ!

"ሚጢጢ... ይቺ እዚህ ምን ትሠራለች?"

የልጅቷ ከንፈር ተንቀጠቀጠ። "ወንበር ላይ ወጣሁ" አለች በሹክሹክታ። "አትውጪ ብለሽኝ ወጣሁ። ጥንቸሌ ርቧታል። እኔ አልበላሁም፤ አፌን እንደሷ በቀለም ነው የቀባሁት። እንዳትቆጪኝ።"

ልጇን ወደ ራሷ ስባ ፀጉሯ ውስጥ አለቀሰች። ሚጢጢ ግራ ገባትና ጀርባዋን መታ መታ አደረገቻት።

"እኔም አጠፋሁ" አለች እናትየው በኋላ። "እትዬን ነግሬያቸዋለሁ።"

"ተቆጡሽ?"

"ገና ናቸው።"

ጀምበር ልትጠልቅ ስትል እትዬ መጡ። ከበሩ ሳያልፉ ሥዕሉን ተቀብለው ወደ መስኮቱ አዘነበሉት። ቁጥቋጦው ላይ ሰባት ቀይ ፍሬ አለ፣ ሰባቱም ላይ ትንንሽ መስኮት። ጥንቸሏ ፊቷን አዙራ ያንን አቧራማ ፍሬ ታኝካለች። ሶፋው ላይ ሚጢጢ እንቅልፍ ወስዷታል። እትዬ አንዴ ሥዕሉን፣ አንዴ ልጅቷን አዩ።

"ገጹ ግን አሁንም ተኝቷል" አሉ፣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው።

"ያውቃሉ እትዬ፣ ቀይ አልጨምርበትም።"

እትዬ ሥዕሉን በጥንቃቄ ማኅደራቸው ውስጥ ከተቱና ደረጃውን ወረዱ። ሠዓሊዋ ጫማቸው ታች እስኪደርስ ድረስ በሩን ይዛ አዳመጠች። ከዚያ ቅርንጫፉን መልሳ በላስቲኩ ጠቅልላ ልትጥለው ወጣች።